የተረኛ መምህር ሥራ

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጅ በልጅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የራሱ ቦታና ሰዓት አለው። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ በቧንቧው ወረፋ፣ በሁለት ብሎኮች መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ፣ ደወል ተደውሎ መምህሩ ገና ክፍል ባልገባበት ጥቂት ደቂቃ፣ ከሰዓት ሲለቀቅ ደግሞ በሩ ላይ። ድብደባው፣ ንጥቂያው፣ ቅጽል ስሙ፣ «ከእኛ ጋር አትጫወትም» የሚለው ማግለል የሚበቅለው እዚያ ነው። ጉልበተኝነትን የመከላከል ሥራም የሚጀምረው አዋቂ ሰው በእነዚያ ቦታዎችና ሰዓታት በእግሩ እንዲገኝ ከማድረግ ነው። ክበቡ፣ መፈክሩ፣ የግብረ ገብ ትምህርቱና የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ከዚህ ቀጥለው ይመጣሉ፤ ይህ ከሌለ ግን ሁሉም ተሟልተው ልጁ እንደፈራ ይውላል።

ያ አዋቂ ተረኛው መምህር ነው። አዲስ የተመደበ መምህር በተረኝነት ሰሌዳው ላይ ስሙን ሲያይ የሚያነሣው ጥያቄ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ ጥበቃ እያለ መምህር እረፍቱን ትቶ ሜዳ የሚወጣው ለምንድን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያ ሰዓት ሻይ የሚጠጣበት፣ ደብተር የሚያርምበት፣ ጉሮሮው የሚያርፍበት ነው። ይሁንና ጥበቃው የተቀጠረው ለበርና ለንብረት ነው። ባለፈው ሳምንት ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን አብሮት የሚቀመጥ ጓደኛ እንዳጣ፣ ማን እጁን ማውጣት እንደተወ የሚያውቀው ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው ሰው ነው። ይህ እውቀት ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ከቀረ ለልጁ አይጠቅመውም።

ነገሩ በጥናትም ተፈትኗል። ኖርዌይ ውስጥ እ.አ.አ. በ1982 መጨረሻ ሦስት ወንዶች ልጆች ራሳቸውን አጠፉ፤ ለዚህ ያበቃቸው በትምህርት ቤት የደረሰባቸው ጥቃት ሳይሆን እንዳልቀረ ተነገረ። በማግሥቱ ዓመት መንግሥት አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረ፤ ዳን ኦልዌየስ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪም በበርገን ከተማ በ42 ትምህርት ቤቶች ወደ 2,500 የሚጠጉ ተማሪዎችን ተከታተለ። ከግኝቶቹ ሁሉ ለተረኛ መምህር ትልቁ፣ በእረፍት ሰዓት ከልጆቹ ጋር የሚገኙ መምህራን በበዙ ቁጥር ጥቃቱ እንደሚቀንስ ማሳየቱ ነው። የክፍልና የትምህርት ቤት መጠን ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። የኖርዌይ ትልቅ ክፍል ለአዲስ አበባ ትንሽ ስለሆነ ንጽጽሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቢሆንም «ይህን ያህል ተማሪ በአንድ ክፍል ታጭቆ ምን ይደረጋል?» የሚለው ተስፋ መቁረጥ በዚህ ጉዳይ በቂ ምክንያት አይሆንም። የክፍሉን ቁጥር ርእሰ መምህሩ ሊቀንስ አይችልም፤ የተረኝነት ሰሌዳውን ግን ነገ ጠዋት ሊያስተካክል ይችላል።

ሰሌዳው መስተካከል ያለበት ከክፍለ ጊዜ ድልድሉ ጋር ነው። አብዛኛው ተረኝነት የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ከእረፍት በፊት ያለውን ክፍለ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያስተምር መምህር ወርዶ ሜዳ እስኪደርስ እረፍቱ ይጋመሳል። ተረኝነቱን የሚደለድለው ዩኒት ሊደር መምረጥ ያለበት ያ ክፍለ ጊዜ ባዶ የሆነለትን መምህር ነው፤ ልጆቹ ሲወጡ ተረኛው ቀድሞ ሜዳው ላይ መገኘት አለበት። ከዚያም ይዞራል። ባንዲራው ሥር ቆሞ ፊሽካ የሚነፋ ተረኛ የት እንዳለ ሁሉም ስለሚያውቅ የሚፈልጉትን እሱ ከሌለበት ያደርጋሉ። የሚዞር ተረኛ አቅጣጫውን ይቀያይራል፣ ወደመጣበት ይመለሳል፣ ከትንንሾቹ ጋር ሁለት ቃል ተነጋግሮ ያልፋል፣ በየዙሩም ሳያሰልስ መጸዳጃ ቤቱ ዘንድ ይደርሳል። በሴቶቹ በኩል መምህርት ትመደባለች። ጠዋት ከሰልፍ ጀምሮ እስከ መልቀቂያ ሽንቱን ቋጥሮ የሚውል ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ወላጁም መምህሩም ሕመም ይመስላቸዋል። ያ ልጅ የሚፈልገው ሐኪም ሳይሆን የሚቆለፍ በርና በዚያ በኩል የሚያልፍ መምህር ነው። የተሰበረ መቀርቀሪያ መጠገን የደኅንነት ሥራ ስለሆነ በበጀት ጥያቄው ላይ ከሁሉ በላይ መጻፍ ይገባዋል።

አነጋገሩ ራሱ ሙያ ነው። «ማን መታህ?» ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ልጁን ሁለት ጊዜ ያስመታዋል፤ ከነገረ «አሳባቂ» ይባላል፣ ዝም ካለ መምህሩ «ምንም የለም» ብሎ ይሄዳል። ልምድ ያላቸው መምህራን ልጁን ለሥራ ይጠሩታል። «ና እስቲ፣ ይህን ደብተር እስከ ስታፍ አድርስልኝ» ይሉና አብረው ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ ወሬው ይመጣል። በዚያው ቀን ካልመጣ በሚቀጥለው ይመጣል። ተረኛው ያየውን በደብተር ሲጽፍ ቦታውንና ሰዓቱን ያስቀድማል፤ የልጆቹ ስም ለብቻው ይያዛል። አርብ አርብ ዩኒት ሊደሩ ደብተሩን ሲያነብ የሚፈልገው የሚደጋገመውን ቦታ ነው። ቧንቧው ሦስት ጊዜ ከተጻፈ በሚቀጥለው ሳምንት ተረኝነቱ ወደ ቧንቧው ይጠጋል። ነገሩ ከዚያ ሸሽቶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ይሄዳል፤ ተረኝነቱም ይከተለዋል። ተማሪዎቹን የግቢውን ንድፍ አስሎ «የማትሄዱበትን ቦታ አጥቁሩ» ማለትም ብዙ ያሳያል። የሴቶቹና የወንዶቹ ሥዕል አንድ አይሆንም፤ የአራተኛና የስምንተኛ ክፍሎቹም እንዲሁ።

ከዚህ አሠራር ጋር የሚፎካከረው የቆየው ዘዴ ዱላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሆኖም ያንግ ላይቭስ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ከተከታተላቸው የስምንት ዓመት ልጆች ከመቶ 38ቱ ከመጠየቃቸው በፊት በነበረው አንድ ሳምንት ብቻ በመምህር መመታታቸውን ተናግረዋል። የመግረፊያ ጎማ ይዞ የሚዞር ተረኛ ሜዳውን ጸጥ ያደርገዋል፤ የዱላው ደጋፊዎች የሚመሰክሩትም ይህንኑ ጸጥታ ነው። ጸጥታው ግን ተረኛው እስካለ ብቻ የሚቆይ ነው። ጠንካራው ልጅ ከዱላው የሚማረው ጉልበት ያለው እንደሚያዝዝ ነው፣ የተጠቃው ልጅ ደግሞ ዱላ ወደያዘ ሰው ሄዶ ችግሩን አይናገርም። ተረኛ ባዶ እጁን መዞር አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም።

ሁለተኛው ዘዴ «ወላጅ አምጣ» ነው። ወላጅና መምህር መገናኘታቸው መልካም ነው፤ ለዚህም ወተመህ የሚባለው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለ። ነገር ግን ልጁን ከበር መልሶ ወላጅ እስኪያመጣ ማስቀረት ያንን ልጅ ለመንገዱ አሳልፎ መስጠት ነው። ከቦሌ አራብሳ ወይም ከየካ አባዶ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ መሀል ከተማ የምትሠራ እናት የቀን ደመወዟን ካላጣች አትመጣም። ስለዚህ ልጁ ሰፈር ውስጥ ያገኘውን ወጣት «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ ይመጣል፤ ይህን የማያውቅ ዩኒት ሊደር የለም። ለወላጅ ስልክ ደውሎ በሚመቻት ሰዓት መነጋገር አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የክፍል አለቃም እንዲሁ መታየት አለበት። መምህር እስኪገባ የረባሾችን ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ልጅ ትልቅ ሥልጣን ይዟል፤ ስም ለመፋቅ እስክሪብቶና ብስኩት የሚቀበል አለቃ ብዙ ክፍል ውስጥ አለ። አለቅነቱ በየወሩ ቢዞር፣ ስም መጻፉም ቢቀር ይሻላል። ስለ ካሜራና ስለ ሽቦ አጥር ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ካሜራ የሆነውን ያሳያል፣ ሊሆን ያለውን አይከለክልም።

የከተማው የምገባ ፕሮግራም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የእረፍቱን መልክ ቀይሮታል። ቀድሞ ምሳ ዕቃ ይነጠቅ ነበር፣ ምሳ ያልያዘውም ልጅ ጓደኞቹ ሲበሉ ከግድግዳ ጀርባ ይቆይ ነበር። ቁርስና ምሳ በትምህርት ቤት ሲሰጥ፣ የደንብ ልብስም በነጻ ሲታደል፣ የመናቂያ ምክንያቶች ቀነሱ፤ ጫማና ቦርሳ ግን ቀርተዋል። ጥቃቱም በከፊል ወደ ምግብ ሰልፉ ተዛወረ፤ ትልልቆቹ ይቀድማሉ፣ ትንንሾቹ የተረፈውን ያገኛሉ። እዚያ ያሉት መጋቢ እናቶች ማን እንዳልበላ፣ ማን ዳቦውን ለሌላ እንደሚያስረክብ ከማንም በፊት ያያሉ። አርብ ዩኒት ሊደሩ የተረኞችን ደብተር ሲያነብ ከእነሱ አንዷ ተገኝታ ብትናገር ትምህርት ቤቱ ብዙ ያተርፋል። እስከ ዛሬ የሚጠይቃቸው ሰው ማነሱ ያሳዝናል።

የምሥራቅ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ፈተና አላቸው፤ ልጆቹ ከየሰፈሩ የተሰበሰቡ ናቸው። አያት፣ ሰሚት፣ አራብሳና አባዶ በኮንዶሚኒየም ዕጣ የተሞሉ ሰፈሮች ናቸው፤ ቦሌና የካ ተከፍለው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የተመሠረተውም በ2013 ዓ.ም. ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች ወደዚሁ አካባቢ ሲመጡ ልጆቻቸው በዓመቱ አጋማሽ አዲስ ክፍል ገቡ። በዓመት አጋማሽ የሚገባ ልጅ የሚደርሰው ቡድኑ ሁሉ ከተያዘ በኋላ ነው። «ከየት ነው የመጣኸው?» የሚለው ጥያቄ ሰላምታም ፈተናም ሊሆን ይችላል፤ ስለ አነጋገሩና ስለ ትውልዱ የሚወረወር ቃልም ከዚያ ይከተላል። በ2015 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሰንደቅ ዓላማና ከመዝሙር ጋር በተያያዘ በከተማው በርካታ ትምህርት ቤቶች ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሲጎዱ፣ የትልልቆች ጉዳይ ወደ ልጆች ሜዳ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚገባ ታይቷል። ተረኛ መምህር ፖለቲካውን አይፈታም። አዲስ የገባውን ልጅ ግን በመጀመሪያው ሳምንት በስሙ መጥራት፣ ከአንድ ደግ ልጅ ጋር ማስቀመጥ፣ በእረፍትም ሁለቱን አብረው እንዳሉ ማየት ይችላል።

በሩ የሥራው የመጨረሻ ክፍል ነው። ማታ በቴሌግራም የተያዘ ቀጠሮ በማግሥቱ ሲለቀቅ በር ላይ ይፈጸማል፤ «ውጭ እንገናኝ» የሚለው ቃል ደግሞ ጠዋት ሜዳው ላይ ይሰማል። ስለዚህ ከተረኞቹ አንዱ ከልጆቹ ጋር ወጥቶ እስከ ባጃጁ መቆሚያ ወይም እስከ አስፋልቱ ማቋረጫ ይደርሳል። በየበሩ አቅራቢያ የሚከፈቱት ፑል ቤቶች፣ ፕሌይ ስቴሽን ቤቶችና ጫት መሸጫዎች የወረዳውና የፖሊስ ኃላፊነት ናቸው፤ ማን እዚያ እንደሚቀር የሚያውቀው ግን እዚያ የቆመው መምህር ነው።

ይህ ሥራ አበል የለውም፤ በሥራ አፈጻጸም ነጥብ ውስጥም ቦታው ጠባብ ነው። ዓመታት የሠሩበት መምህራን ግን ስለ ማስተማር ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ከሜዳው ይጀምራሉ። በክፍል ውስጥ ተማሪው ለመምህሩ ውጤት ነው፣ ሜዳ ላይ ግን ልጅ ሆኖ ይታያል፤ ሲሮጥ፣ ሲያኮርፍ፣ ሲታረቅ። በሂሳብ የወደቀ ልጅ ኳስ የሚያከፋፍልበትን ፍትሕ ያየ መምህር ያንን ልጅ ዳግመኛ ሰነፍ ሊለው አይችልም። ብዙዎች በሙያው የጸኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ ደመወዙ ባያቆያቸውም ይህ አቆይቷቸዋል።

የዓመቱ ከባድ ቀን ፈተና የሚያልቅበት ነው። ወረቀት እንደተሰበሰበ መምህራኑ ወደ እርማት ይገባሉ፤ ተማሪው ደብተር እየቀደደ፣ በደንብ ልብስ ላይ እየተፈራረመ፣ ውኃ እየተራጨ ወደ በሩ ይፈስሳል፤ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ቂምም የሚወጣው ያን ከሰዓት ነው። በየትምህርት ቤቱ የዓመቱ ተረኝነት ሲደለደል መጀመሪያ መሞላት ያለበት የዚያ ቀን ሰሌዳ ነው፤ እርማቱ ለማግሥቱ ይደር፣ መምህራኑ ሁሉ፣ ርእሰ መምህሩም ጭምር፣ ከሜዳው እስከ አስፋልቱ ተከፋፍለው የመጨረሻው ልጅ እስኪሄድ ይቆዩ።