ሙሴ የሚለው ስም፤ ምንጩና ትርጓሜው

የመጽሐፍ ቅዱስን ስሞች የሚመረምር ሰው ኹለት ጥያቄዎችን ለይቶ መያዝ ይገባዋል። አንደኛው ስሙ ከየትኛው ቋንቋ ተገኘ የሚል ሲኾን፣ ኹለተኛው የተቀበለው ሕዝብ እንዴት ተረጐመው የሚል ነው። ኹለቱን ማደባለቅ ምን ያህል እንደሚያሳስት ሙሴ የሚለው ስም ያስረዳል።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 2 ቁጥር 10 የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ከውኃ ስላወጣችው ሙሴ ብላ እንደ ሰየመችው ተጽፏል። ዕብራይስጡ ስሙን «ሞሼ» ብሎ «ማሻ»፣ ማለት ስቦ አወጣ፣ ከሚለው ግሥ ጋር ያያይዘዋል። ነገር ግን የስሙ ቅርጽ «አውጪ» ማለት ነው እንጂ «የወጣ» ማለት አይደለም። የግብጽ ንጉሥ ልጅም በዕብራይስጥ ስም አወጣች ማለት ያጠራጥራል። ዮሴፉስ በ1ኛው መቶ ዓመት ስሙን ከግብጽ ቋንቋ አምጥቶ «ከውኃ የዳነ» ብሎ ተረጐመው።

ያሁኑ ዘመን ሊቃውንት አብዛኞቹ መውለድን ከሚያመለክተው «ምስ» ከተባለው የግብጽ ቃል ያመጡታል። ይኸው ቃል ቱትሞስና ራምሴ በሚባሉት የነገሥታት ስሞች ውስጥ ይገኛል። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሙሴ ግብጻዊ ነበር ለሚለው አሳቡ ይህንኑ እንደ አንድ ድጋፍ አቀረበ። ይህ ግን ከማስረጃው አልፎ መኼድ ነው፤ ስም ከባዕድ ቋንቋ መገኘቱ የባለስሙን ዘር አይወስንምና። ባገራችን ማርቆስ ወይም ጊዮርጊስ የተባለ ሰው ኹሉ ሮማዊ ወይም ግሪካዊ አለመኾኑን ማሰብ ይበቃል።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ሌላ መሰናክል አለበት። በኛ መጽሐፍ ሙሴና ራምሴ ባንድ ፊደል ስለሚጨርሱ ዝምድናቸው የተረጋገጠ ይመስላል። በዕብራይስጡ ግን የሙሴ ፊደል «ሺን»፣ የራምሴ «ሳምኬት» ነው። የግእዙ መጽሐፍ ከግሪክ ስለ ተተረጐመ፣ ግሪክም ለ«ሸ» ድምፅ ፊደል ስለሌለው ልዩነቱ በኛ ዘንድ ጠፍቷል። ስለዚህ የግእዙ «ሴ» ለግብጻዊው ምንጭ ምስክር ሊኾን አይችልም። እንዲያውም ይህ የፊደል ልዩነት በዚያ አሳብ ላይ ከሚቀርቡት መቃወሚያዎች ዋናው ነው። ግዊን ግሪፊዝ በ1953 እ.ኤ.አ. ግብጻዊውን ምንጭ ደግፎ ጽፏል፤ ኹለቱ ስሞች በተለያየ ዘመን ወደ ዕብራይስጥ ገብተው እንደ ኾነም ልዩነቱ ሊፈታ ይችላል። ኾኖም የሚቻል ነገር ኹሉ የተረጋገጠ አይደለም።

የስሙ ምንጭ ግብጻዊ ቢኾንም እንኳ የኦሪቱ ትርጓሜ ዋጋ አይቀንስም። «አውጪ» የሚለው ቅርጽ ከውኃ የወጣው ሕፃን ሕዝቡን ከባሕር የሚያወጣ መኾኑን ያመለክታል፤ ኢሳይያስም በምዕራፍ 63 ቁጥር 11 ሙሴን ሲያነሣ ሕዝቡ ከባሕር መውጣታቸውን አያይዞ ያስታውሳል። የቋንቋ ምርመራ የቃሉን መንገድ ይነግረናል፤ ትርጓሜው ግን ሕዝቡ በስሙ ውስጥ ያየውን ይነግረናል። ተማሪ ኹለቱንም ይመርምር፤ አንዱን በሌላው ግን አይሻር።