ቅጠሉን ትቶ ግንዱን መጠየቅ

ካርቱም ውስጥ በግቢ አትክልት ሥራ ላይ ሳለሁ፣ የታመመ ሳይካድ የሚያሳየኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «ዘንባባዬን ውሃ ጠማው» ነበር። አይፈረድበትም፤ ከተማው ቴምር የሞላበት ነው፣ ቴምር ደግሞ ሥሩ ውሃ ካገኘ ሙቀት አይበግረውም። ሳይካድ ግን መልኩ እንጂ ዘሩ ከዘንባባ አይገናኝም። አበባ የሌለው፣ ለጥድ የሚቀርብ ጥንታዊ ተክል ነው።

በማሰሮ አብዝቶ የሚሸጠው ከደቡብ ጃፓን የመጣው ሳይካስ ሪቮሉታ ነው። ከረጅሙ ቅጠል ላይ አንዷን ቀጭን ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ። መሃሏን አንድ ጅማት ብቻ ያቋርጣታል፤ ጠርዟም ወደ ታች ይጠቀለላል። የቴምር ቅጠል ግን ርዝመቱን ይዞ ወደ ላይ የታጠፈ ነው።

ከለየሁ በኋላ ቅጠሉን ትቼ ግንዱን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ። ቅጠል በብዙ ምክንያት ይገረጣል፤ ግንድ ግን እውነቱን ይናገራል። ጠንካራ ከሆነ አንድም ቅጠል ባይቀረው ተስፋ አለው። ታችኛው ክፍል ከላላና ከሸተተ በስብሷል። ያን ጊዜ ንጹሕ ነጭ ሥጋ እስኪታይ ድረስ እቆርጣለሁ፣ ድኝ እነሰንስበታለሁ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አቆየዋለሁ።

የካርቱም ሳይካድ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በደለል ነው። የጥቁር ዓባይ ደለል ለእርሻ በረከት ነው፤ ማሰሮ ውስጥ ሞልተው በየቀኑ ሲያጠጡት ግን ይጠቀጠቅና ሥሩን አየር ይከለክለዋል። እኔ ግማሹን ሻካራ አሸዋና ጠጠር አደርጋለሁ። ጥቁር ፕላስቲክ በፀሐይ ሥር ስለሚቀቅል ሸክላ እመርጣለሁ፤ ውሃ እንደሚያቀዘቅዘው የሱዳን የሸክላ ጋን እንደ ዚር ያልባል።

አፈሩ ሲራገፍ ወደ ላይ ያደጉ፣ ዛጎል ድንጋይ የሚመስሉ እባጭ ሥሮች ይታያሉ። በሽታ መስሏቸው የሚቆርጧቸው አሉ፤ ያሳዝነኛል። በውስጣቸው ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ረቂቃን ተሕዋስያን ይኖራሉ። አዲስ ቅጠል ቢጫና የተጨማደደ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ማንጋኒዝ አጥቷል ማለት ነው፤ አልካሊ የበዛበት አፈር ይቆልፍበታል። ማንጋኒዝ ሰልፌት ሲሰጠው የተበላሸው ቅጠል አይድንም፣ ቀጣዩ ግን ደህና ይመጣል።

ማሰሮ በራሱ ጠላቱ አይደለም። ተክል ሰብሳቢው ፍራንሲስ ማሰን ከደቡብ አፍሪካ አምጥቶት በ1775 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ የገባው ሳይካድ ለንደን ኪው የአትክልት ስፍራ እስከ ዘመናችን በማሰሮ ኖሯል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ካርቱም ውስጥ ስንት ግቢ ያለ ጠባቂ ቀርቷል። ወደ ቤቱ ተመልሶ ቅጠሉ ሁሉ የደረቀ ሳይካድ የሚያገኝ ሰው ቶሎ እንዳይጥለው እለምናለሁ። ግንዱን ይጫነው። ከጠነከረ የከሰዓት ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ያስቀምጠው፣ አፈሩ ወደ ውስጥ ሲደርቅ ብቻ ያጠጣው፣ አዲስ ቅጠል ሳይወጣ ማዳበሪያ አይጨምርበት። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ዘሩም ቅጠሉም መርዝ ነውና ከልጆችና ከውሻ ያርቀው።