ልጆቻችሁን ይዛችሁ መርካቶ ግቡ!

ሰማችሁ? በዚች ከተማ ለቤተሰብ ከሁሉም የሚበልጠውን መዝናኛ አገኘሁላችሁ! መግቢያ አይከፈልበትም! እንስሳ አለ፣ ምግብ አለ፣ ሽታ አለ፣ ድምፅ አለ! መርካቶ ነው! አዎ፣ ይኸው የምናውቀው የአዲስ ከተማው መርካቶ! ዕቃ ገዝተን በሩጫ የምንወጣበት! አንድ ቀን ግን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ለማየት ግቡበት። ጉድ ነው የምታዩት!

ቅዳሜ በጠዋት ውጡ። ቀላል ባቡሩ አውቶብስ ተራም ሰባተኛም ይቆማል፣ ስለዚህ ሽርሽሩ ከባቡሩ ይጀምራል! የእኔዎቹ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው የቆርቆሮውን ጣሪያ፣ የሸራውን ብዛት፣ የሰውን ጎርፍ ሲያዩ ትንፍሽ አላሉም። እነዚያ ለፍላፊዎች!

ከዚያ ፉል! በባዶ ሆድ እንዳትገቡ! ወደ አንዋር መስጊድ አካባቢ ጎራ በሉና ፉል እዘዙ። ሲመጣ ይንጨረጨራል! ላዩ ላይ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ ዳቦው ደግሞ ትኩስ! አንዱን ሰሃን ለሁለት ልጆች አቅርቡት፣ ይጠግባሉ። ቅርንፉድና ቀረፋ የገባበት ሻይ ጨምሩበት። ትንሿ ልጄ ሰሃኑን በዳቦ ጠርጋ ጠርጋ አበራችው፤ ቤት ውስጥ አንድ ጉርሻ ለማጉረስ ስንለምናት የምንውለው ልጅ!

አሁን ወደ እንስሶቹ! እኛ በልጅነታችን እንስሳ ለማየት የምንሄደው ስድስት ኪሎ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደተቋቋመው አንበሳ ግቢ ነበር። ከመስከረም 2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ባለ ጥቁር ጎፈሬዎቹን አንበሶች አንድነት ፓርክ፣ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ገብተን እናያለን። አንበሳው ይቆየን! እህል በረንዳ ሄዳችሁ አህዮቹን እዩ! በክንድ ርቀት ያልፋሉ፣ አጥር የለ፣ ሽቦ የለ! ጆንያ ተሸክመው በሰልፍ ሲመጡ፣ በሰውና በመኪና መሀል ሲሹለከለኩ፣ ነጂው ከኋላ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ሲሮጥ! በዓለም ላይ እንደ ኢትዮጵያ ብዙ አህያ ያለው አገር እንደሌለ ለልጆቼ ስነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። ወዲያው ስም ማውጣት ጀመሩ! ዳለቻው፣ ቡላው፣ ጆሮ ቆራጣው... አንዷ ቆም ብላ ልጄን አሸተተችው፤ እስከ ማታ ስለሌላ ነገር አላወራም!

በርበሬ በረንዳስ! ገና ሳትደርሱ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። ሀፕቺ! አንዱ ያስነጥሳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ነጋዴዎቹ «ይማርሽ! ይማርህ!» እያሉ ይስቃሉ። ቀዩ ዛላ ተራራ ሆኖ ተቆልሏል! ወደ ቅመሞቹ ስትጠጉ አንድ ጨዋታ ሞክሩ፤ የልጁን ዓይን በእጃችሁ ከድናችሁ አስሸትቱት። ኮረሪማ! ጥቁር አዝሙድ! አብሽ! እጣን! እንዴት እንደሚያውቁት! የቤታችን ሽታ አንድ በአንድ ተለያይቶ አፍንጫቸው ስር ሲመጣ የሚሰማቸውን ደስታ ፊታቸው ላይ ታነቡታላችሁ።

ምን አለሽ ተራን ግን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ከሌላው ቀንሳችሁ ለዚህ ሰዓት አትርፉ። እዚያ የሚጣል ነገር የለም! አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ የዘይት ቆርቆሮ ይቆረጥና የማሰሮ ክዳን ይሆናል፣ የመኪና ጎማ በቢላዋ ተልጦ ጫማ ይሆናል፣ ዓይናችሁ እያየ! መዶሻው ከዚህ ቷ! ከዚያ ቷ! ቷ! ቷ! ደረታችሁ ውስጥ ይገባል! ትልቁ ልጄ አንድ ቀጥቃጭ ፊት ቁጢጥ ብሎ ቀረ። ሰውየው ሥራውን ሳያቆም «ማሙሽ፣ ያዝልኝ እስቲ» ብለው የቆርቆሮውን ጫፍ አስያዙት። አስያዙት እኮ! የትኛው ትምህርት ቤት ነው እንዲህ የሚያስተምረው? የተጣመመ ቆርቆሮ ሲቃና፣ ሲታጠፍ፣ ጆሮ ሲወጣለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየ።

ሲደክማችሁ ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሂዱና ዐረፍ በሉ። ከዚያ ጫጫታ ወጥታችሁ ድንገት ፀጥታ! እግር ይዘረጋል፣ ውኃ ይጠጣል። ቀትር ላይ ከሆነ ደግሞ የአንዋር መስጊድ አዛን ይሰማችኋል፤ ጎረቤት ናቸው! ልጆቹ ገበያው ከየት መጣ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ገበያው ድሮ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ እንደነበር፣ ወደዚህ ያዞረው ጣሊያን በወረራው ዘመን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ግን ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ከየአገሩ የመጣው ነጋዴ በላቡ ይህን ሁሉ እንዳደረገው ንገሯቸው። የእኔዎቹ አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙኝ!

አሁን የመጨረሻው፣ የደስ ደሱ! ለእያንዳንዱ ልጅ እኩል ትንሽ ብር በእጁ ስጡት። አንድ ነገር ይግዛ፣ የፈለገውን፣ ራሱ ተከራክሮ! እናንተ ሁለት እርምጃ ራቁ። ኧረ ስታዩዋቸው! ያ ዓይን አፋሩ ልጄ «ጋሼ፣ ትንሽ ይቀንሱልኛ» አለ! ነጋዴው «አባቴ፣ በዚህማ አያዋጣኝም» አሉት። ልጁ ጥሎ ሄደ! ጥሎ! እኔ እንኳን እንዲህ አልችልም! ሦስት እርምጃ ሳይራመድ «ና እሺ፣ ና ውሰድ!» ተጠራ። ኳሷን ደረቱ ላይ አቅፎ ሲመለስ ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ! እህቱ ደግሞ ትንሽዬ የሸክላ ጀበና ገዛች፣ የመጫወቻ፣ መዳፏ ላይ የምትቀመጥ፣ ክዳን ያላት!

ወጪያችን? የባቡር፣ የፉል፣ የሻይና ያቺው ኳስና ጀበና! በቃ! ይኸው ነው! በሉ አሁኑኑ ብር ዘርዝሩ፣ ዝርዝር ብር ያስፈልጋችኋል። ለልጆቹ የተሸፈነ ጫማ አድርጉላቸው፣ ውኃ ያዙ፣ ባዶ ዘንቢልም ያዙ፤ በርበሬውን አሽትታችሁ ሳትገዙ አትመለሱም! የፊታችን ቅዳሜ እኛም እዚያው ነን፤ ሸማ ተራ ቀርቶናል!