ቆዳ የማይበሳ ቢላ

ወረታ ላይ ለፋሲካ የቅርጫ በሬ ሲታረድ የሰው ዓይን የሚያርፈው በሻኛውና በሽንጡ ላይ ነው። የእኔ አድናቆት ግን ለመግፈፊያው ቢላ ነው።

ጥሩ የመግፈፊያ ቢላ አጭር ነው፤ ከስንዝር እምብዛም አይበልጥም። ሆዱ ወጣ፣ ጫፉ ደፈን ያለ ነው። ሹል ጫፍ ቆዳ ይበሳል፤ የተበሳ ቆዳ ዋጋው ይወድቃል፣ ለጠፍር ሲተለተልም እዚያው ላይ ይበጠሳል። ሙያውን የሚያውቅ ገፋፊ በግራ እጁ ቆዳውን ወጠር፣ ስለቱን ተኛ አድርጎ ዳሰስ ሲያደርገው ነጩ ስስ ሽፋን ይላቀቃል። ጉልበት አያስፈልገውም። ባየሁት ቁጥር ያስደንቀኛል።

ከሱቅ የሚገዛው የሚያብለጨልጭ ቢላ ገና ብልት ሳይወጣ ይደነዝዛል። ቀጥቃጩ ከመኪና ባሌስትራ አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ የሠራው ግን ይዝጋል እንጂ አያሳፍርም፤ በድንጋይ ጥቂት ሲሳል ስለቱ ይመለሳል። እጀታውም ደም ሲነካው ከእጅ አያመልጥም።

ይህ ቢላ ባይኖር ሥጋው ይበጣጠሳል፣ መደቡ አይስተካከልም፣ ዕጣ ሳይወጣ ቅሬታ ይነሣል።

ይህን ቢላ የሚሠራው ቀጥቃጭ ግን በሙያው ሲሰደብ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት ሠሪን «ጠይብ» ብሎ መስደብን ከልክለዋል። ስድቡ ግን ዛሬም ከአንዳንድ አፍ አልጠፋም። ለመጪው ዓውደ ዓመት ቢላ የምትገዙ ሁሉ፣ ከቀጥቃጩ እጅ ግዙ፤ በዋጋውም አትከራከሩት።