የዘጠኝ ምስክርነት

በነቀምቴ ከተማ የራዲዮንና የልዩ ልዩ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ጥገና ይዤ ብዙ ዘመን የቆየሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ ከጊምቢም ከሻምቡም ከደምቢ ዶሎም የሚመጣልኝን ብልሹ ዕቃ ሁሉ ስመረምር ልቡናዬ አጥብቆ የያዘው አንድ ነገር ቢኖር፣ የተሳሳተ አኃዝ ፈጽሞ ዝም ካለ መሣሪያ ይልቅ ብዙ የሚናገር መሆኑን ነው።

አንድ ደቀ መዝሙሬ፣ ወደ መኪና የሚጫነውን የቡና ጆንያ የሚቆጥር ባለ ሁለት አኃዝ መሣሪያ ቈጣሪ በሆነው 7490 እና አኃዙን በሰባት የብርሃን መስመሮች በሚያበራው 7447 አይሲ ሠርቶ ኤሌክትሪክ ቢሰጠው፣ የአንድ ቤቱ ቁጥር 9 ላይ ተተክሎ አልነቃነቅ አለው። «ጋሼ፣ አይሲው ተቃጥሏል፤ ከመርካቶ እናስመጣ» አለኝ። መርካቶ ከእኛ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ነገር ግን ያሳዘነኝ የመንገዱ ርቀት ሳይሆን ምስክሩን ሳይሰማ መፍረዱ ነበር። የተቃጠለ አይሲ ስለ ምን ዘወትር ዘጠኝን ብቻ ይመርጣል?

የብዙዎቹ ባለ 14 እግር አይሲዎች ኃይል በ14ኛው፣ መሬታቸውም በ7ኛው እግር ሲሆን፣ 7490 ግን 5 ቮልቱን በ5ኛው ተቀብሎ በ10ኛው ይመልሳል፤ ልጁ ይህን አልሳተም። የሳተው 2ኛውንና 3ኛውን፣ 6ኛውንና 7ኛውን እግር ከምንም ሳያገናኝ መተዉን ነው። በዚህ ወገን አይሲ ዘንድ ያልታሰረ እግር እንደ ተነሣ ምልክት ይቆጠራል፤ የፊተኞቹ ሁለቱ «ወደ ዜሮ ተመለስ»፣ የኋለኞቹ ሁለቱ «ዘጠኝ ሁን» ብለው ያዛሉ፤ ትእዛዛቱ በአንድነት በመጡ ጊዜም የሚጸናው የዘጠኙ ነው። አራቱን ከመሬት ባገናኘናቸው ቅጽበት ቁጥሩ መሄድ ጀመረ።

ዘጠኝ ሞልቶ ወደ ዜሮ ሲመለስ የ11ኛው እግር ምልክት ይወድቅና ጎረቤቱን የዐሥር ቤት አንድ ያስቈጥረዋል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን በቶሎ ያስተውለዋል፤ በዚያም ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ወንበር የሚወጣው ከቀሪው ነውና።

ጆንያ ለመቁጠር የሚጫኑት ማብሪያ አንድ ጊዜ ተጭኖ መሣሪያው ሦስትና አራት መቁጠሩም ሌላ ነገር አይደለም፤ ብረቱ ብረቱን ሲነካ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራልና። ሪዚስተርና ካፓሲተር አብርደውት፣ 7414 የተባለው አይሲ ምልክቱን አጥርቶ ሲያሳልፈው አንድ ንክኪ አንድ ሆነ።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ግን እውነት የሚመስለው ሐሰት ነው። ከሰባቱ መስመሮች የላይኛው ቢጠፋ 7 ያለ ጥርጥር 1 ሆኖ ይነበባል፤ የመካከለኛው ቢጠፋ 8 ዜሮ ይሆናል፤ የላይኛው ቀኝ ቢጠፋ ደግሞ ያው 8 ስድስት ይመስላል። ዘጠኝ ላይ የቆመ መሣሪያ መበላሸቱን ይናዘዛል፤ ይህኛው ግን በጆንያ ብዛት የሚከፈለውን ወዛደር ላቡን ሲቀማው ማንም አይነቃም። ስለዚህ የ7447ን 3ኛ እግር ከመሬት ሳላነካካና ሁሉም መስመር በርቶ ስምንትን ሳላይ ዕቃ ከቤቴ አይወጣም።

በዚህም መሣሪያ እንደዚሁ አደረግን፤ ከዐሥራ አራቱ መስመሮች በዐሥር ቤት የላይኛው ብቻ አልበራም። ብየዳው ቀዝቃዛ ነበርና ልጁ እንደ ገና በየደው፤ ከዚያም ማብሪያውን እየተጫነ ከ00 እስከ 99 ሲቈጥር፣ እኔ ከ70 እስከ 79 ዓይኔን ሳልነቅል ቆየሁ።