«ቴዎድሮስ» በጆሮ ስንት ነው?

የመማር ችግር ካለባቸው ልጆች ጋር መሥራት የሚጀምሩ መምህራን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ ልጁ ከሀ እስከ ፐ ይወጣዋል፣ ፊደሉን ነጥለው ሲጠቁሙትም አይስትም፤ ታዲያ ቃል ሲሆን ለምን ይጠፋበታል? የተለመደው መልስ የፊደላችን ብዛት ነው፤ 33 በ7 ሲባዛ 231፣ ያውም ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ይህን አልቀበልም። ጥፋቱ የብዛት ቢሆን ልጁ የሚሳሳተው ፊደሉ ላይ ነበር። እሱ የሚሰናከለው ግን ሳድስ ላይ ነው። (የመስማት ምርመራ ቀድሞ ተደርጓል ብዬ ነው።)

ቴዎድሮስ አደባባይን እንውሰድ። «ቴዎድሮስ» ለዓይን አምስት ፊደል ነው፤ በጭብጨባ ሲቆጠር ግን ቴ፣ ዎድ፣ ሮስ፤ ሦስት ብቻ። አደባባዩ ላይ ቅጂው የቆመው መድፍ፣ «ሴባስቶፖል»፣ በስድስት ፊደል ተጽፎ አራቴ ያስጨበጭባል። ልዩነቱን ያመጡት ድ፣ ስ እና ል ናቸው። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዴ አናባቢውን ጥሎ ከቀደመው ፊደል ጋር ይለጠፋል፤ ጽሕፈቱ የቱ እንደሆነ አይናገርም። «ምድር» ሦስቱም ሳድስ ነው፤ ም እና ድ አናባቢ አላቸው፣ ር የለውም። ሌላው አንባቢ ቃሉን በጆሮው ስለሚያውቀው ሳይታወቀው ያስተካክለዋል። የንግግርን ድምፅ መለየት የሚያስቸግረው ልጅ ግን «ቴዎድሮስ» ላይ አምስት ቁራጭ ይዞ ይቀራል፤ ቁራጮቹም የሚያውቀውን ስም አይሆኑለትም።

ስለዚህ ቃልን እስከ ነጠላ ድምፅ የሚበትነው፣ ከእንግሊዝኛ የተቀዳው ልምምድ ለእኛ ልጅ መጀመሪያ አይሆንም እላለሁ። ጭብጨባው ይቅደም፣ ከዚያ ወዲያው ሳድስ ይምጣ፦ ከ«ሮስ» ላይ «ስ» ሲነሳ ምን ይቀራል? ጆሮው ለብቻው ይሠልጥን፣ ፊደል ይቆይ የሚሉ አሉ። ብራድሊና ብራያንት በ1983 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ባወጡት ጥናት ግን ድምፅ መለየትን ከፊደል ጋር ያጣመሩት ልጆች ድምፅ ብቻ ከተለማመዱት በልጠው ተገኝተዋል። እንደ ሳድስ አናባቢ ሁሉ መጥበቅና መላላትም አይጻፍም፤ በዓሉ «ገና» እና «ገና ነው» የምንለው በወረቀት አንድ ናቸው። ከዐውዱ ይገባዋል ይባላል። ዐውድ የሚጠቅመው ግን ዐረፍተ ነገሩን ለሚጨርስ ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት ከፊደል ወደ ቁም ንባብ በአንዴ አይዘልም፤ በመካከል ግእዝና ውርድ ንባብ አሉ። ይህ እርከን ትልቅ ብልሃት ነው። በጅምላ የሚዜመው ቆጠራ ግን ሳድስ ያመለጠውን ልጅ ይደብቀዋል፤ ለብቻው ቆሞ «ሴባስቶፖል»ን ሲያጨበጭብ ስድስተኛው ጭብጨባ ላይ ይታወቃል።