ለአድዋ ዘፈን ጽሑፍ የለኝም

ማሲንቆ ሊማር የመጣ ወጣት «ጋሼ፣ የአድዋውን ረጅም ግጥም ይጻፉልኝና ላጥናው» አለኝ። አልጻፍኩለትም። የጀግና ታሪክ የሚያዜም ሰው ቃል በቃል ከሸመደደ አበቃለት ባይ ነኝ። ሸምድደው የሚያወርዱ ባልደረቦች አሉኝ፤ ድምፃቸው ያምራል። ግን ከታዳሚው አንዱ ጣልቃ ከገባባቸው ከየት እንደሚቀጥሉ ይጠፋቸዋል።

ሚልማን ፓሪ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ሆሜር ረጃጅም ግጥሞቹን እንዴት እንደገጠመ ለማጣራት ዩጎዝላቪያ ወርዶ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. ሞንቴኔግሮ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የማይችል አቭዶ መጄዶቪች የሚባል ዘፋኝ አገኘ። አቭዶ የማያውቀውን ታሪክ ሌላ ሰው በ2,294 ስንኝ ሲያዜም አስደመጠው። ከዚያ «እስቲ አንተ?» ቢለው፣ ያንኑ ታሪክ 6,313 ስንኝ አድርጎ አወረደው። ሽምደዳ እንዲህ አይወልድም! አቭዶ ከሰውዬው የወሰደው ታሪኩን ነው፤ ስንኙን እዚያው ገጠመው። ለአሥር ቀለም ስንኝ ልክ የሆኑ ሐረጎች አፉ ላይ ሞልተው ነበር።

ለእኛ ይህን ሥራ የሚሠራልን የፈረስ ስም ነው። የሆሜር ጀግና አኪሌስ ተቀምጦም «እግረ ፈጣን» ይባላል፤ የአድዋው ጀግና ባልቻም ቢተኛ በፈረሱ ስም አባ ነፍሶ ነው። ስሙ ስንኙን ይሞላል፣ ለአዝማሪውም ፋታ ይሰጣል። ፋታው ደግሞ ያስፈልገናል፤ አቭዶ ቤት የመምታት ግዴታ አልነበረበትም፣ እኛ አለብን። እኔ አስቀድሜ የምፈልገው የሁለተኛውን ስንኝ ቤት መምቻ ነው። እሱ ከተገኘ የመጀመሪያው ስንኝ የትም ዞሮ ይደርስበታል። ይህን የማያውቅ ሰው የመጀመሪያው ስንኝ ትርጉም የለውም ብሎ ይተቸናል፤ ይተች።

አንድ ሠርግ ላይ አድዋን ሳወርድ አንድ አዛውንት «ተቀበል!» ብለው የማላውቀውን የፈረስ ስም ከነባለቤቱ ጠሩ። ባለቤቱ አያቴ ነበሩ። አባቴ የአያቴን ስም እንጂ የፈረሳቸውን ነግሮኝ አያውቅም። አዛውንቱም የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቁም ነበር። ተቀበልኩ፤ ከአባ ነፍሶ ቀጥሎ አስገባኋቸው፣ ቤቱም መታልኝ። የተጻፈ ግጥም ይዤ ቢሆን ኖሮ አያቴን የት አደርጋቸው ነበር?

ከዚያ ወዲህ ባልቻ ጋ ስደርስ ቃል አቁሜ ማሲንቆውን ብቻ አስረዝማለሁ። አያቱን የሚጠራ ካለ ይጥራ።